የሴቶች የቡድን የፈረስ ጉዞ በባሌ ደጋ

የቡድን የፈረስ ጉዞ ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ መንገድ መሪ ሥር ሆነው፣ መኪና በማይገባበት ዱካ ላይ፣ በፈረስ ጀርባ ለአንድ ወይም ለተከታታይ ቀናት የሚያደርጉት ጉብኝት ሲሆን፣ ከግልቢያ ውድድርም ከፈረስ ጉግስም የሚለየው ፍጥነት ግቡ ባለመሆኑ ነው። በሴቶች ብቻ የሚዋቀር እንዲህ ያለ ጉዞ በኢትዮጵያ ለማዘጋጀት ለሚያስብ ሰው ከባሌ ደጋ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ይቸግራል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ፈረስ የበዓል ጌጥ ሳይሆን የዕለት መጓጓዣ ነው፣ ዱካዎቹም በእግረኛና በፈረሰኛ ሲረገጡ የኖሩ ናቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴት በኮርቻ ላይ መታየቷ እንግዳ ነገር አይደለም። በዲንሾ፣ በሮቤና በጎባ አካባቢ በገበያ ቀን ሴቶች ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ አንዳንዴም ልጅ አዝለው ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው።

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የመኳንንት ሴቶች ከፈረስ ይልቅ በቅሎን፣ በተለይም ሰጋር በቅሎን፣ ማለትም ሳያንገጫግጭ በለስላሳ እርምጃ የሚጓዘውን፣ ይመርጡ ነበር፤ በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ወደ ዐድዋ የዘመቱበት ዘመን የበቅሎ ዘመን ነበር። በአውሮፓ ግን የባላባት ሴቶች ለብዙ ዘመን ሁለት እግራቸውን ወደ አንድ ጎን አድርገው እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር፤ በኦሎምፒክ የፈረስ ውድድርም ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዲሰለፉ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ነው። ስለዚህ በባሌ አዲስ ሊባል የሚችለው የሴት ፈረሰኛነት ሳይሆን፣ ሴቶች ለሥራ ወይም ለገበያ ሳይሆን ለጉብኝት ተሰባስበው መሄዳቸው ነው።

የባሌ ፈረስ በአገሪቱ ከተለዩት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ በእንስሳት ተመራማሪዎች ተመዝግቧል። ቁመቱ አጭር፣ እግሩ ጽኑ፣ ብርድና ቀጭን አየር የለመደ ነው፤ ነገር ግን ትንሽነቱ አዘጋጁን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሳስበው ይገባል። በፈረሰኞች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ተቀማጩና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን ባይበልጡ የሚል ሲሆን፣ ይህ መለኪያ በትንሹ የደጋ ፈረስ ላይ ሲሰላ ለብዙ ጎልማሳ ሰው ጠባብ ይሆናል። መፍትሔው ሰውን መከልከል ሳይሆን ፈረስን ማሳረፍ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ላይ መውረድና በእግር መሄድ፣ ድንኳንና ስንቅ ለአጋሰስ፣ ማለትም ለጭነት ብቻ ለተመደበ ፈረስ፣ መስጠት፣ ከባዷን ተጓዥ ከጠንካራው ፈረስ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል። ይህንን ንቆ በግል ሻንጣ የታጨቀ ፈረስ ላይ ሰው የሚያስቀምጥ አዘጋጅ፣ በሁለተኛው ቀን ገጣባ፣ ማለትም ጀርባው በኮርቻ ተልጦ የቆሰለ ፈረስ፣ ይዞ ይቀራል።

ኮርቻውም የራሱ ጠባይ አለው። ባህላዊው ኮርቻ በቆዳ የተለበጠ እንጨት ሆኖ ፊቱና ኋላው ከፍ ያለ በመሆኑ ተቀማጭን አጥብቆ ይይዛል፤ ከሥሩ የሚነጠፈው ልብስ ከተጨማደደ ግን ለፈረሱ ቁስል፣ ለሴቲቱም የጭን ሕመም ያተርፋል። ከጭራ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ከላላ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገት ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ መውረጃ በፊት እጅን አስገብቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። እርካብ በቀድሞው አሠራር የባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ቀለበት ነበር፤ ዛሬም ጠባብ እርካብ ስለሚያጋጥም፣ ከከተማ የምትመጣ ተጓዥ የምትጫማው ጫማ በቀላሉ ገብቶ በቀላሉ የሚወጣ መሆኑ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሊታወቅ ይገባል፤ ብትወድቅ እግሯ እንዳይያዝ የሚያደርገው ይኸው ነውና። ፈረሱ በየትኛው ጎን መፈናጠጥን እንደለመደም ባለፈረሱን መጠየቅ ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

ጉዞው የሚደራጀው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በዲንሾ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ነው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ መንገድ መሪና ባለፈረሶች የሚያዙት በዚያው ነው። ፈረሶቹ የአካባቢው ገበሬዎች ንብረት ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ባለፈረስ ወይም ረዳቱ በእግሩ አብሮ ይጓዛል፤ ከዚህም የተነሣ የቡድኑ ፍጥነት የፈረስ ሳይሆን የእግረኛ ፍጥነት፣ በሰዓት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ረጅም ርቀት የሚያቅድ መርሐ ግብር በወረቀት ላይ ያምራል እንጂ በሜዳ አይሠራም።

ጀማሪዎች የሚበዙበት ቡድን ከዲንሾ ብዙም የማይርቀውን የጋይሳይን ሣራማ ሜዳ፣ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ የሚታዩበትን፣ በአንድ ቀን ጎብኝቶ ቢመለስ ይበቃዋል። የበረታው ግን የወይብን ሸለቆ ተከትሎ፣ በፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ በኩል ወደ ሶዶታ ሰፈር፣ ከዚያም በአለት ዓምዶቹ ወደታወቀው ራፉና ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ለብዙ ቀናት ሊጓዝ ይችላል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር በመሆኑ፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የሚያስከትለው የከፍታ ሕመም እንዳይመጣ ቀስ በቀስ መውጣት ግድ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ለመንገድ የተመቸ ቢሆንም፣ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል፣ ቀኑ ቆዳ ያቃጥላል፤ ክረምቱ ደግሞ ዱካውን ጭቃ ያደርገዋል።

ቡድኑ የሴቶች መሆኑ ከዚህ በላይ ምን ይለውጣል ቢባል፣ መልሱ ከፈረሱ ይልቅ በሰፈሩ ይገኛል። በሰነቴ ዛፍ የለም፤ ከሩቅ የሚታይ ሜዳ ላይ መጸዳጃና መታጠቢያ ድንኳን ካልተዘጋጀ ሴቶች ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ፣ በከፍታ ላይ ይህ ራሱ ሕመም ይጋብዛል። መንገድ መሪዎቹና ባለፈረሶቹ በአብዛኛው ወንዶች ስለሆኑ፣ የሰፈር ቦታቸው የት እንደሚሆን፣ ኮርቻ ሲስተካከል ማን እንደሚረዳ አስቀድሞ በግልጽ ቢነገር ሁሉም ይቀለዋል። የአካባቢው ነዋሪ በብዛት ሙስሊም በመሆኑ የስግደት ሰዓትና የሥጋ አራረድ ከመነሻው መታሰብ አለባቸው። አገሩ የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው፤ በዚያም ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለውን በትር ይዛ ከሴቶች ጋር ስትወጣ መንገዳቸውን ማቋረጥ ነውር ነው። የፈረሱ ኪራይ በአብዛኛው ወደ ወንዶች እጅ ስለሚገባ፣ ዳቦውን፣ ወተቱንና ምግቡን ከመንደሩ ሴቶች መግዛት ከጉዞው ስም ጋር የሚስማማ ነው።

ዱካው የሚያልፈው ከ500 በታች ቀርተዋል የሚባሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ በሚኖሩበት ምድር ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው የአምባውን ፍልፈል እየበላ ሲሆን፣ ሰውን ብዙም አይሸሽም፤ ፈረሶቹ ግን ከዱካ ወጥተው ቢጋልቡ የፍልፈል ጉድጓድ እግራቸውን ይሰብረዋል፣ ጉድጓዱም ይፈርሳል። ከመንደር ተከትሎ የሚመጣ ውሻም መመለስ አለበት፤ በወይብ ሸለቆ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የሚዛመት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለማገዶ አስታ የተባለውን የደጋ ዛፍ መቁረጥ ክልክል በመሆኑ ማብሰያ ጋዝ ይያዛል።

ቡድኑ ዲንሾ ሲመለስ ኮርቻው ወርዶ የእያንዳንዱ ፈረስ ጀርባ በባለቤቱና በአዘጋጁ ፊት ይታያል፤ ቁስል ከተገኘ ፈረሱ ሳይሠራ ለሚቆይባቸው ቀናት ምን ያህል እንደሚካስ ተነጋግረው ይወስናሉ፤ ኪራዩም የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።