ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ ታናናሾቻችሁን ለምትጠብቁ

እኛ ባደግንበት አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው። ዝናቡ ልጁን ከቤት ያስቀረዋል፤ ቢወጣም ጭቃው ሩቅ አያስኬደውም። እዚህ ካኩማ ግን የምንከተለው የኬንያን የትምህርት ዘመን ስለሆነ፣ ትምህርት የሚዘጋው በሚያዝያ፣ በነሐሴ፣ ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እናት በማለዳ ተነሥታ ራሽን ለመቀበል ወይም ውሃ ለመቅዳት ትሰለፋለች፤ ትንንሾቹ ለታላቅ እኅት ይቀራሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለእርሷ ነው። ለታላቅ ወንድምም ጭምር ነው፤ ኳስ ሜዳ ካልሄደ ማለት ነው።

ባለፈው የሚያዝያ ዕረፍት አንዲት የ12 ዓመት ተማሪዬ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ላጋው አፋፍ ላይ ሆና ትጠብቅ ነበር። የጨርቅ ኳሳቸው ወደ ታች ተንከባለለችና ልጆቹ ተከትለዋት ወረዱ። አሸዋው ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ከማዶ ፍየል የሚጠብቁ አንድ የቱርካና ሽማግሌ ጮኹባቸው። ልጅቷ ቋንቋቸውን ባትሰማም የእጃቸው ምልክት ገባትና ወንድሞቿን እየጎተተች አወጣቻቸው። አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ውሃው ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። በማግሥቱ ሰፈር ውስጥ አግኝታኝ፣ «ቲቸር፣ እዚህ እኮ ጠብታም አልወረደም» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታራችም ሆነ ሌሎቹ ላጋዎች አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ናቸው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ፣ ራቅ ካለው ኮረብታ ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው። መሬቱ ጠንካራና ዛፍ የሌለበት በመሆኑ ውሃውን ቶሎ አይመጥም፤ ከየሸለቆው ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ኮረብታው ላይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ሊደርስብን ይችላል። በቱርካና ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ትንሹ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው። እንግዲህ ከ3ቱ ዕረፍቶች 2ቱ ከጎርፍ ወራት ጋር ይገጥማሉ ማለት ነው። በኃይል የሚሄድ ውሃ እስከ ጉልበት ብቻ ቢደርስም ዐዋቂ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ላጋ ደረቅም ቢሆን መጫወቻ አይደለም። ውሃ ለመቅዳት አሸዋው ላይ የሚቆፈረው ጉድጓድም ጠርዙ ይናዳል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ድፍርስ ኩሬ ጥልቀቱ ስለማይታይ ልጅ ዘሎ ይገባበታል።

ልጅ ወደ ላጋው የሚሄደው ግን ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ የሚሠራው ስላጣ ነው። «አትሂድ» ብቻ ማለት አይበቃም። ቀኑን በፀሐይዋ ከፋፍሉት። ከማለዳው እስከ 4 ሰዓት (በእኛም በስዋሂሊም አቆጣጠር ያው ነው) ሩጫ ያለበትን ጨዋታ አስጫውቷቸው፦ ኳስ፣ ሱዚ፣ ሰኞ ማክሰኞ። ከ4 እስከ 10 ሰዓት ከጥላ ሥር አይውጡ። መሬት ላይ ጉድጓዶች ቆፍራችሁ ገበጣ አጫውቷቸው፤ መደመርና መቀነስ እምቢ ያሏቸውን ልጆች በገበጣ ጠጠር አስተምሬያለሁና አትናቁት። ቅልልቦሽ፣ እንቆቅልሽ፣ ተረትም አለ። ነገር ግን ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጠጠር አፉ ውስጥ ስለሚከት ከገበጣው አርቁት። አኩኩሉ ሲጫወቱ ደግሞ የመደበቂያውን ወሰን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የቆመ የጭነት መኪና ሥር መደበቅ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ35 ዲግሪ ይበልጣል። ጨዋታ የያዘ ልጅ ጥማቱን ስለሚረሳ ሳይጠይቅ አጠጡት። አፉ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል። ተቅማጥ ካለው ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጡለት። እርሱ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፤ ጨው ማብዛት ይጎዳል። ሰውነቱ እንደ እሳት ግሎ የሚዘባርቅ ወይም የሚያንዘፈዝፈው ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ጥላ ወስዳችሁ፣ ልብሱን አውልቃችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ እያራሳችሁና እያራገባችሁ ወዲያው ክሊኒክ አድርሱት። ራሱን ለሳተ ልጅ በአፉ ምንም አትስጡ።

የቤት ውስጡንም አደጋ አትርሱ። ድክ ድክ የሚል ሕፃን በጭንቅላቱ ባልዲ ውስጥ ከወደቀ መውጣት አይችልም፤ ስንዝር የማይሞላ ውሃ ይገድለዋል፤ ድምፅም አያሰማም። ባልዲውን ክደኑ ወይም ገልብጡት። እሳት ያቃጠለውን ቦታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፤ ሊጥና የጥርስ ሳሙና አትቀቡት። ጫማ ከመልበሱ በፊት ይራገፍ፤ ጊንጥ ይገባበታልና። እባብ የነደፈውን ልጅ አትብጡት፣ አትምጠጡለት፣ በገመድም አትሰሩት፤ ሳይራመድ ተሸክማችሁ ክሊኒክ ውሰዱት።

እናቶችም የምለው አለኝ። የ8 ዓመት ልጅ የ2 ዓመት ልጅ ጠባቂ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ከሌለ ጎረቤት ይታከልበት። ስትወጡ የት እንደምትሰለፉ፣ መቼ እንደምትመለሱና ልጅቷ ማንን መጥራት እንዳለባት ንገሯት። ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ ከጡት በቀር ውሃም አይሰጠውም። ስለዚህ ሲያለቅስ ታላቅ እኅቱ ውሃ ከምታጠጣው እናቲቱ ካለችበት ሰልፍ ድረስ ትውሰደው፤ ተራዋን ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ይይዙላታል።