የተበታተነ ማስታወሻ መጽሐፍ እስኪሆን፦ የጽሑፍ ማደራጃ ሶፍትዌር አነዳደፍ

የደብሩን ታሪክ በመጽሐፍ ለማሳተም የሚነሣ የሰበካ ጉባኤ ኮሚቴ ብዙውን ጊዜ መረጃ አያጣም። ከአረጋውያን የተሰማው ቃል፣ ከቃለ ጉባኤ መዝገብ የተቀዳው፣ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ የተገኘው ጽሑፍና ፎቶግራፉ ተከማችቶ ሳለ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። እርሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ወይም ሲያርፍ ሥራው ባለበት ይቆማል። እንዲህ ያለውን ሥራ ለማደራጀት የተሠሩ ሶፍትዌሮች ስላሉ፣ በዚህ እትም የተነደፉበትን ሐሳብ ልናስረዳ ወደድን።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን (1927–1998 እ.ኤ.አ.) በሕይወት ዘመኑ 90,000 ያህል የወረቀት ካርዶችን በእንጨት ሣጥኖች አከማችቷል። ለእያንዳንዱ ካርድ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጥ ነበር። በ21 እና በ22 መካከል የሚገባ ሐሳብ ሲመጣ «21ሀ» እንደ ማለት ያለ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቀድሞው ቁጥር አይነካም። ስለዚህ አንዱ ካርድ ሌላውን በቁጥሩ ሊጠቅስ ይችላል፤ ሣጥኑም ሥርዐቱ ሳይፈርስ ያድጋል።

ደራሲ ለመሆን ይሻ የነበረው እንግሊዛዊው ኪዝ ብላውንት በ2007 እ.ኤ.አ. ለሽያጭ ያቀረበው «ስክሪቭነር» የተባለው ሶፍትዌር ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አሠራር አለው። ረጅሙ ጽሑፍ በአንድ ፋይል እንዲጻፍ አያስገድድም፤ በትናንሽ ክፍሎች ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ክፍል አጭር መግለጫ የሚጻፍበት ካርድ አለው። ካርዶቹ በሰሌዳ ላይ እንደ ተሰኩ ሆነው ይታያሉ፤ አንዱን ካርድ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ቦታ ስናዛውር ጽሑፉም አብሮ ይዛወራል። ፎቶግራፉና ቃለ መጠይቁ በዚያው ማኅደር ቢቀመጡም ከመጽሐፉ ጋር አይቀላቀሉም። በመጨረሻ ክፍሎቹ በአንድነት ተጋጥመው ለኅትመት ይወጣሉ።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ብልሃት ቅደም ተከተሉን ለኋላ ማቆየቱ ነው። ገና ከጅምሩ «ይህ የየትኛው ምዕራፍ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሶፍትዌር፣ ጸሓፊው ያልደረሰበትን ነገር ይጠይቀዋል፤ ማስታወሻውም ሳይመዘገብ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዕድሜ ነው። አፕል በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ሃይፐርካርድ» ብዙዎች ሥራቸውን በካርድ ያደራጁበት ነበር፤ ሽያጩ በ2004 ከቆመ በኋላ ግን በዚያ የተሠራው ሁሉ በዛሬ ኮምፒውተር በቀጥታ አይከፈትም። እኛም ከዚህ ዕጣ አላመለጥንም። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በልዩ ልዩ ፎንቶች የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ብቻ ሆነው ይታያሉ። በ2020 የወጣው «ኦብሲዲያን» እያንዳንዱን ማስታወሻ በተለመደ አቃፊ ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል አድርጎ የሚያስቀምጠው ለዚህ መፍትሔ በመሆኑ ነው፤ ሶፍትዌሩ ቢጠፋ እንኳ ጽሑፉ በማንኛውም መጻፊያ ይነበባል።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ የፍለጋው ነገር አለ። አንዱ የኮሚቴ አባል «ጸሎት»፣ ሌላው «ፀሎት» ብሎ ቢጽፍ፣ ለሶፍትዌሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ። በጎ ንድፍ ሲፈልግ እነዚህን አንድ አድርጎ ይፈልጋል፣ የተጻፈውን ግን አያርምም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌባ ሥራ መሆኑን ካህናቱ ያውቁታልና።

ስለሆነም ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሃያ ያህል ማስታወሻዎችን በአማርኛ ያስገባ፤ ቅደም ተከተላቸውን ይለዋውጥ፤ በሁለቱም የፊደል አጻጻፍ ይፈልግ። ከዚያም ሁሉንም አውጥቶ ሶፍትዌሩ በሌለበት በሌላ ኮምፒውተር ይክፈታቸው።