ለማየት ብቻ ተሂዶ የተገዛ መኪና

ዐረብ አገር ሠርቶ መኪና መላክ በአቃቂ ቃሊቲ የብዙ ቤተሰብ ሕልም ሆኖ ኖሯል። የቃሊቲ ጉምሩክ ቅርባችን ስለሆነ፣ በጅቡቲ በኩል የገባ መኪና ሰሌዳ ሳይለጠፍበት ማየት ለእኛ ብርቅ አልነበረም። ያላየነው መኪናው የተገዛበትን ሰዓት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ያንን ሰዓት እንመልከት። በሻርጃ ከተማ አቡ ሻጋራ የሚባለው ሰፈር ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ነበር፤ ኋላ ነጋዴዎቹ ሱቅ አል-ሐራጅ ወደሚባል አዲስ ገበያ ተዛወሩ። ደመወዙን የተቀበለ ወንድም ከጁሙዓ በኋላ «ለማየት ብቻ» ወደ እንዲህ ያለ ገበያ ይሄዳል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ወንበሩ ታጥቧል፤ ደላላው «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ይለዋል። መግሪብ ሳይደርስ የሁለት ዓመት ጥሪት ተቆጥሮ ያልቃል። መካኒክ አላየውም፤ ሚስት አልተማከረችም። በሳምንቱ ካምቢዮው ማስቸገር ይጀምራል፤ ጋራዥ ሲወስደው ሻንሲው ተገጭቶ የተበየደ መሆኑ ይነገረዋል።

«አገር ቤት ልኬ ልገላገል» ማለትም እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ ጣለ። 100 ሺህ ብር ለተገመተ መኪና ኤክሳይሱ ብቻ ከ500 ሺህ ብር ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው፤ ቀረጡና ተጨማሪ እሴት ታክሱ ሳይቆጠር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ።

ሸሪዓችን የሚጸጸት ገዢን አልረሳም። ሆኖም ጸጸት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የምናደናግረው እዚህ ላይ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ውሉን የመተው ምርጫ እንዳላቸው አስተምረዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ መለያየት ማለት በአካል መለያየት ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን በቃል ከተስማሙ ውሉ አልቋል። ሁለቱም መዝሀቦች እስከ 3 ቀን የሚቆይ ምርጫን በውሉ ላይ ማስቀመጥን ይፈቅዳሉ። «3 ቀን ስጠኝ፤ ጋራዥ ላሳየው» ማለት ምን ይከብዳል? ሻጩ እምቢ ካለም ስለ መኪናው አንድ ነገር ነገረን ማለት ነው።

የተደበቀ ብየዳ ዐይብ ነው። ዐይቡን ያገኘ ገዢ መኪናውን መልሶ ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል፤ ካወቀ በኋላ እየነዳው ከሰነበተ ግን እንደ ወደደው ይቆጠርበታል። መኪናው ደኅና ሆኖ ሐሳቡን ብቻ የቀየረ ሰው ደግሞ መብት የለውም፤ የሚለምነው ኢቃላን ነው። ኢቃላ ሻጩ በፈቃዱ ውሉን ማፍረሱ ነው። ለተጸጸተ ወንድሙ ይህን ያደረገ ሰው አላህ (ሱ.ወ) ስሕተቱን እንደሚያነሣለት አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ምንዳ ለምን እንደሚዘነጉት አይገባኝም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ተታልሎ የገዛው ሰው ነገ ሻጭ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ሻጩን መጠየቃቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ብየዳን በቀለም መሸፈን ከዚህ በምን ይለያል? «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» ማለት የሚቀጥለውን ገዢ ጉዳት አይቀንስለትም።

ከሻርጃ ከተመለሱት የሰፈራችን ልጆች አንዱ መኪናውን እዚያው ሲሸጥ የብየዳውንም የካምቢዮውንም ነገር አስቀድሞ ተናገረ። ሁለት ገዢዎች ጥለውት ሄዱ። ሦስተኛው ባለ ጋራዥ ነበር፤ ሞተሩን ፈልጎ በግማሽ ዋጋ ወሰደው። ስለ ጠፋው ግማሽ ለሚስቱ በስልክ የነገራት በዚያው ማታ ነው።