ስፍራው ያልተጻፈበት ዛጎል

በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጠ የወንዝ ዛጎል ለሳይንስ የሚጠቅመው አብሮት ባለው ቁራጭ ወረቀት ልክ ነው። ወረቀቱ የዝርያውን ስም፣ የተገኘበትን ወንዝ፣ ሰብሳቢውን፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ይይዛል። ስሙ ቢሳሳት ዛጎሉን አይቶ ማረም ይቻላል፤ ስፍራው ከጠፋ ግን መላ የለውም።

ኤቴሪያ ኤሊፕቲካ የተባለው የአፍሪካ ባለጥንድ ዛጎል እንስሳ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፈረንሳዊው ላማርክ በ1807 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ሆኖ ስም ሲያወጣለት እንስሳው የት እንደሚኖር በትክክል አያውቅም ነበር። እንደ ባሕር ኦይስተር ከድንጋይ ጋር የሚጣበቅ ወፍራም ዛጎል ስለሆነ የባሕር እንስሳ ነው ብሎ ደመደመ። ግምቱ የፈረሰው በ1820ዎቹ መጀመሪያ ተጓዡ ፍሬደሪክ ካዮ የግብፁን እስማኤል ፓሻ ዘመቻ ተከትሎ ሱዳን ሲዘልቅና ኤቴሪያን በዓባይ ወንዝ ሲያገኝ ነው።

ስሞቹም ራሳቸውን የቻሉ ጣጣ ናቸው። ኤቴሪያ የተጣበቀበትን ድንጋይ ቅርጽ ስለሚከተል ሁለት ዛጎሎች እምብዛም አይመሳሰሉም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዛጎል ተመራማሪው ቡርጊኛና መሰሎቹ በአፍሪካ የወንዝ ዛጎሎች ላይ ለጥቃቅን ልዩነት ሁሉ አዲስ ስም ሲያወጡ ኖሩ፤ አብዛኞቹ ስሞች ኋላ ተጠቃለዋል። ናሙናዎቹ ግን በየሙዚየሙ ስለቆዩ፣ ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ግራፍና ኬቪን ከሚንግስ በ2011 የአፍሪካንና የማዳጋስካርን ዝርያዎች ስርጭት ያወጡት ከሙዚየም ስብስቦች በመነሣት ነው።

ሆኖም መዝገብ የወንዙን ብቻ ሳይሆን የሰብሳቢውንም መንገድ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ ፒልስብሪና ቤካርት በ1927 ላሳተሙት የኮንጎ ጥናት ዋና መነሻ የሆነው ከ1909 እስከ 1915 የዘለቀ የአሜሪካ ሙዚየም ጉዞ ነው፤ ጉዞው ያልደረሰባቸው ገባሮች በካርታ ላይ ባዶ ቢመስሉ አያስገርምም። ባዶ ዛጎልም ዕድሜውን አይናገርም። በቱርካና ተፋሰስ ሐይቁ ከዛሬው ከፍ ባለበት ዘመን የኖሩ የኤቴሪያ ቅሪቶች አሉ፤ ከሥጋው ጋር በአልኮል የተቀመጠ ናሙና ግን ሲሰበሰብ በሕይወት እንደነበር ያረጋግጣል።

ወንዙ ራሱም ተለውጧል፤ በጥቁር ዓባይ ላይ የሰናር ግድብ በ1925፣ የሮዛሪስ ግድብ በ1966፣ በቅርቡም የሕዳሴው ግድብ ተሠርተዋል። ግድብ ፈሳሹን ውሃ ሲያቆመው ኤቴሪያ የሚጣበቅባቸው ድንጋዮች ደለል ይለብሳሉ። የብዙ ወንዝ ዛጎሎች እጭ ዓሣ ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ የዓሣው መተላለፊያ መዘጋትም ይነካቸዋል። ከግድቦቹ በፊት የነበረውን ለማወቅ የቀረው ማስረጃ በአመዛኙ አሮጌው ወረቀት ነው። «ናይል» ብቻ የሚል ወረቀት ግን ከ6,600 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚረዝም ወንዝ የትኛውን ዳርቻ እንደሚያመለክት አይታወቅም፤ መዝጋቢዎች እንዲህ ላለው ናሙና በካርታ ላይ ነጥብ ሲሰጡ የስህተቱን ስፋትም አብረው ይጽፋሉ።