ዴንማርካዊው ይሰማል፣ ስዊድናዊው ይቸገራል

በ2011 መታየት የጀመረው «ድልድዩ» የተሰኘ ተከታታይ የወንጀል ድራማ ሲከፈት አስከሬን ተጥሎ ይገኛል። ቦታው የስዊድኗን ማልሞንና የዴንማርኳን ኮፐንሃገንን የሚያገናኘው የኦረሰንድ ድልድይ ነው፤ አስከሬኑም ልክ የሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ተጋድሟል። ምርመራውን አንዲት ስዊድናዊት ፖሊስና አንድ ዴንማርካዊ መርማሪ በጋራ ይይዙታል። እሷ በስዊድንኛ ትጠይቃለች፣ እሱ በዴንማርክኛ ይመልሳል። አስተርጓሚ የላቸውም፣ ወደ እንግሊዝኛም አይሄዱም። ድራማው በየአገሩ ሲተላለፍ ግን የጎረቤቱ ንግግር ተተርጉሞ ከስክሪኑ ግርጌ ይጻፍ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ ይግባባሉ ወይስ አይግባቡም? በዩኒቨርሲቲ የስካንዲኔቪያን ቋንቋና ባህል የሚያጠና ተማሪ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ሲመዘገብ ከስዊድንኛ፣ ከዴንማርክኛና ከኖርዌይኛ አንዱን ይመርጣል፤ ትንሽ ከገፋ በኋላ ግን በብዙ የትምህርት ክፍሎች የቀሩትን የሁለቱንም ጽሑፍ እንዲያነብ ይጠበቅበታል። ከ1875 ጀምሮ የስካንዲኔቪያን ትምህርት በሚሰጠው በአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው አይነር ሃውገን በ1966 ለሁኔታው «ከፊል መግባባት» የሚል ስም አወጣለት። ሃውገን አዮዋ ውስጥ ከኖርዌያውያን ወላጆች የተወለደ ሰው ነው።

ሦስቱ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው የቫይኪንጎች ዘመን ቋንቋ የሆነው የጥንቱ ኖርስ ነው። በመካከለኛው ዘመን ደግሞ የሉቤክና የሌሎች የሰሜን ጀርመን ከተሞች ነጋዴዎች በርገንና ስቶክሆልም ድረስ ዘልቀው ሦስቱንም በአንድ ዓይነት የጀርመንኛ ቃላት ሞሏቸው። ከዚያ ተጽዕኖ የራቀው አይስላንድኛ የጥንቱን ሰዋስው ይዞ ቀረ፤ ዛሬ የስቶክሆልም ሰው አይስላንድኛ ሲነገር ቢሰማ አይገባውም። ፊንላንድኛማ ዘሩም ሌላ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ቋንቋዎች ሲጀምር ያልጠበቀውን ዝምድና ያገኛል። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ አንድን ነገር ለይተው ሲጠቅሱ ከስሙ በፊት ሌላ ቃል ያስቀድማሉ። ስካንዲኔቪያኖቹ ግን እንደ እኛ ከስሙ ጫፍ ላይ ይቀጥላሉ፦ በስዊድንኛ «ሁስ» ቤት ነው፣ «ሁሰት» ቤቱ፤ «ብሮ» ድልድይ ነው፣ «ብሮን» ድልድዩ። ስዊድንኛ መጥበቅና መላላትም ያውቃል። «ግላስ» ላልቶ ሲነበብ ብርጭቆ፣ ጠብቆ ሲነበብ አይስክሬም ይሆናል። እነሱ የሚጠብቀውን ፊደል ደግመው ይጽፉታል፤ እኛ «አለ» ብለን ጽፈን ቀሪውን ለአንባቢው እንተዋለን።

በወረቀት ላይማ ሦስቱ ብዙም አይራራቁም። ነገር የሚበላሸው ዴንማርክኛ አፍ ላይ ሲወጣ ነው። ባለፉት ጥቂት መቶ ዓመታት ዴንማርኮች ተነባቢዎቻቸውን አላልተው አላልተው አንዳንዶቹን ወደ አናባቢ ጠጋ አደረጓቸው፤ የቃላትን መጨረሻም ይውጣሉ። አፍ የፈቱበት ልጆች እንኳ አይቀልላቸውም። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሁለት ዓመት ሕፃናትን የዓይን እንቅስቃሴ ሲከታተሉ፣ አናባቢና አናባቢ መሰል ድምፆች የተደራረቡበትን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ልጆቹ እንደሚዘገዩ አይተዋል። ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሀምሳን «ሃልትሬስ» ይሉታል፤ ሲፈታ ሁለት ተኩል ጊዜ ሃያ ማለት ነው። ሰባ ሦስት ተኩል ጊዜ ሃያ፣ ዘጠና አራት ተኩል ጊዜ ሃያ ነው። ኮፐንሃገን ገበያ የወጣ ስዊድናዊ ዋጋ ሲነገረው ግር ቢለው አይፈረድበትም።

የሚገርመው፣ ችግሩ ለሁለቱም እኩል አለመሆኑ ነው። በተደጋጋሚ የተደረጉ ሙከራዎች እንደሚያሳዩት ዴንማርኮች የስዊድኖችን ንግግር የሚረዱት ስዊድኖች የእነሱን ከሚረዱት ይበልጥ ነው። ለብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአመለካከት ነው ተባለ፦ ዴንማርኮች ስዊድንኛን ይወዱታል፣ ስዊድኖች ግን ዴንማርክኛን ይንቁታል የሚል። በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ አንያ ሹፐርትና ሻርሎተ ጉስከንስ ግን ነገሩን ገና ማንበብ ባልጀመሩ ልጆች ላይ ፈተኑት። ሕፃናቱ የጎረቤቱን ቃል እየሰሙ ከሥዕሎች መካከል ትክክለኛውን እንዲመርጡ ተደረገ። በልጆቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም፤ የዴንማርኮቹም የስዊድኖቹም ውጤት ተቀራራቢ ነበር።

ስለዚህ ጥርጣሬው ፊደል ላይ አረፈ። «ላንድ» የሚለውን ቃል እንውሰድ፤ አገር ማለት ነው፣ ሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት አድርገው ይጽፉታል። ስዊድናዊው የመጨረሻዋን «ድ» ይጠራታል፣ ዴንማርካዊው ይውጣታል። ማንበብ የሚችል ዴንማርካዊ ከስዊድናዊ አፍ «ላንድ»ን ሲሰማ፣ እሱ ባይጠራትም ሲጽፋት የኖረችው «ድ» ትረዳዋለች። ስዊድናዊው ግን «ላን» የሚል ድምፅ ሰምቶ ወደ «ላንድ» የሚመልሰው ፍንጭ የለውም። ሹፐርት የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት በመለካት ባደረገችው ጥናትም፣ ዴንማርካውያን ስዊድንኛ ሲያዳምጡ የራሳቸው የአጻጻፍ ሥርዓት እንደሚያግዛቸው አይታለች። እንዲህ ከሆነ የትናንት ዴንማርካውያን አነጋገር በፊደላቸው ውስጥ ተቀምጦ፣ የዛሬዎቹን ጎረቤት ያሰማቸዋል ማለት ነው።

ከሦስቱ በጎረቤት ንግግር የሚሻሉት ኖርዌዮች ናቸው፤ ይህንንም ታሪካቸው ያስረዳል። እስከ 1814 ድረስ ከዴንማርክ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ስለነበሩ የጽሑፍ ቋንቋቸው ዴንማርክኛ ነበር፤ አነጋገራቸው ግን ለስዊድንኛ ይቀርባል። የገበሬ ልጅ የነበረው ኢቫር ኦሰን ከ1842 ጀምሮ ከገጠር ገጠር እየዞረ ቀበሌኛዎችን ሰበሰበ፤ ከእነሱም ሌላ የጽሑፍ ቋንቋ አቆመ። ፓርላማው በ1885 ለሁለቱ እኩል ደረጃ ሰጣቸው፤ እስከ ዛሬም ሁለቱም ይሠራባቸዋል። የ2023 የኖቤል ሥነ ጽሑፍ ተሸላሚ ዩን ፎሰ የሚጽፈው ኦሰን ባቆመው ነው። በአነጋገር በኩል ደግሞ ኖርዌይ ሁሉም እንዲከተለው የታዘዘ አንድ የንግግር ደንብ የላትም፤ ሚኒስትሩ እንኳ በመንደሩ ቀበሌኛ ቢናገር ነውር አይደለም። ልዩ ልዩ አነጋገር ሲሰማ ያደገ ጆሮ ስዊድንኛ ቢመጣበት አንድ ተጨማሪ ቀበሌኛ አድርጎ ይቀበለዋል። ለእኔ ከፊደሉ ይልቅ ይኼኛው ማብራሪያ ሚዛን ይደፋል።

የባህሉ ትምህርትም ድንበር አያከብርም። ማንም ከሌላው እበልጣለሁ ብሎ እንዳያስብ የሚከለክለውን «የያንቴ ሕግ» በ1933 በልቦለዱ ያሰፈረው አክሰል ሳንደሞሰ፣ ዴንማርክ ተወልዶ ወደ ኖርዌይ ከፈለሰ በኋላ በኖርዌይኛ የጻፈ ደራሲ ነው። ሦስቱም አገሮች የእኛ ጠባይ ነው ይላሉ። አንቱታንም ከሞላ ጎደል ትተውታል። ስዊድኖች ቀድሞ ሰውን ፊት ለፊት እያነጋገሩት «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» እስከ ማለት ይደርሱ ነበር። በ1967 የጤና አስተዳደሩ መሥሪያ ቤት አዲስ ኃላፊ ብሩር ሬክሴድ ሠራተኛውን ሁሉ «ዱ» እንደሚል አስታወቀ፤ «ዱ» አንተም አንቺም ነው። ለውጡ ከእሱ በፊት የተጀመረ ቢሆንም ስሙ ከእሱ ጋር ቀረ። ከእኛ አገር ለሄደ ተማሪ ግን ሽበታሙን ፕሮፌሰር በስማቸው ጠርቶ «ዱ» ማለት ከሰዋስው ሁሉ ይከብዳል።

ወደ መግባባቱ ስንመለስ፣ በ2005 በወጣ ሰፊ ጥናት የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኖርዲክ ወጣቶችን ሲፈትኑ፣ የጎረቤት ቋንቋ መረዳት ከወላጆቻቸው ትውልድ ቀንሶ አገኙት። ኮፐንሃገንን ከባሕር ማዶ የሚያየው የማልሞ ወጣት ዴንማርክኛ በመረዳት ከስቶክሆልሙ በልጦ ነበር። ከሁሉም በላይ ውጤት ያመጡት ግን በዴንማርክ ዘውድ ሥር ያሉት የፋሮ ደሴቶች ልጆች ሆኑ። የእነሱ ቋንቋ ለአይስላንድኛ ነው የሚቀርበው፤ ዴንማርክኛን የሚማሩት በትምህርት ቤት ነው። በዚያችው በተማሯት ዴንማርክኛ ተመርኩዘው፣ ስዊድንኛ በመረዳት ራሳቸውን ዴንማርኮቹን አስከነዷቸው።