መጀመሪያ ውኃውን፦ የጎጃም ደጋ የዓሣ ኩሬዎች ጤና

ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ኩሬ ዳር ሲቆሙ፣ ቀረሶዎቹ ውኃ መግቢያው ላይ ተፋፍገው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ከፈት ከደን ሲያደርጉ ይታያሉ። የትናንቱ ፍሩሽካ ሳይነካ ጥግ ይዟል። ባለቤቱ የሚያስበው መድኃኒት ፍለጋ መሮጥን ነው። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ግን ከዓሣው በፊት መመርመር ያለበት ውኃው ነው። የኩሬ ዓሣ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚተነፍሰው ውኃ ነውና።

ይህን ማወቅ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጎን ዓሣንም ይዞ ስለተነሣ፣ በጓሮ የተቆፈሩና በፕላስቲክ የተነጠፉ ኩሬዎች በየቦታው ይታያሉ። ኩሬ መቆፈር የአንድ ሰሞን ሥራ ነው፤ ውኃውን ጤነኛ አድርጎ ማቆየት ግን የየዕለት ሥራ ነው።

ደጋው የሚያመጣው ፈተና

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትርን ታልፋለች። በዚህ ደጋ ሦስት ነገሮች ያጋጥማሉ።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። ቀረሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ከ20 በታች መራባቱን ያቆማል፤ ወደ 16 ሲወርድ መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ከተጠጋ ይሞታል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ሌሊት የቀረሶ ሰውነት ይደክማል፤ የደከመ ሰውነት ደግሞ ለሻጋታና ለጥገኛ ተሕዋስያን በሩ ክፍት ነው። ካርፕ የተባለው ዓሣ ብርዱን ከቀረሶ በተሻለ ይቋቋማል።

ሁለተኛው የአየሩ መሳሳት ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ ከአየር ወስዶ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ግን 7 እንኳ አይሞላም። ዓሣ ተመችቶት የሚኖረው 5 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የደጋ ኩሬ ትርፍ ኦክስጅኑ ትንሽ ነው፤ አልጌ እንዲበቅል የሚጨመረው ፍግ ጥቂት ሲበዛበት ወዲያው ይጎድልበታል።

ሦስተኛው የአፈሩ አሲዳማነት ነው። ገበሬው ለስንዴና ለገብስ ማሳው ኖራ የሚፈልግበት ምክንያት የኩሬውንም ወለል ይነካል። የውኃው ፒኤች (የአሲዳማነቱ መለኪያ) ከ6.5 እስከ 9 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

ውኃው ነው ወይስ በሽታ?

ልዩነቱን ያለ ላቦራቶሪ መለየት የሚቻልበት መንገድ አለ። ትልቁም ትንሹም ዓሣ በአንድ ንጋት አየር ካጠረውና ፀሐይ ሲሞቅ ካገገመ፣ ችግሩ የኦክስጅን እጥረት ነው። በኩሬው ያሉ አልጌዎች ቀን ኦክስጅን ይሠራሉ፤ ሌሊት ግን እነሱም ይተነፍሱታልና ዝቅተኛው መጠን የሚገኘው ጎሕ ሲቀድ ነው። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ብቅ እያለ አየር መጎንጨቱ ልማዱ ነው። ቀረሶ ሲጨነቅ አምባዛ ከተረጋጋ ፍርዱ ግልጽ ነው።

ሁሉም በድንገት፣ በጠራራ ፀሐይ ካለቁ መርዝ ይጠረጠራል። ከጎረቤት ማሳ የተረጨ ፀረ ተባይ በጎርፍ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የብርብራ ዛፍም አይዘነጋ፤ የተፈጨ ፍሬው ዓሣ እንደሚገድል በጣና ገባር ወንዞች የሚያጠምዱ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ለቀናት የሚሞቱና ገላቸው ላይ ምልክት የሚታይባቸው ከሆነ ግን በሽታ አለ ማለት ነው። አንዱን በእርጥብ እጅ ይዞ የስንጥቡን ክዳን ቀስ አድርጎ መግለጥ ነው። ጤነኛ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። የገረጣ፣ ልጋግ የሞላው ወይም ጫፉ የተበላ ከሆነ ጥገኛ ተሕዋስያን ወይም ባክቴሪያ ይጠረጠራሉ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ሳፕሮሌግኒያ የተባለው ሻጋታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበቅለውም በመረብ በተላጠ ቆዳ ላይ ነው። ቁስል፣ የተነፋ ሆድና የፈጠጠ ዓይን ኤሮሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ሊያመጣቸው ይችላል። ይህ ባክቴሪያ በማንኛውም ኩሬ ይኖራል፤ የሚያጠቃው ዓሣው ሲጨነቅ ነው።

በሆድ ውስጥ የሚገኙ ትሎች ደግሞ ከዓሣ በል ወፎች ጋር ይመጣሉ። በጣና ኮንትራሲኩም የተባለው ክብ ትልና ሊጉላ የተባለው ጠፍጣፋ ትል ተመዝግበዋል። ዓሣን በደንብ አብስሎ መብላት የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ውኃውን ማዳን

ዓሣው አየር ሲያጥረው የመጀመሪያው እርምጃ መኖና ፍግ ማቆም ነው። ቀጥሎ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ይገባል። «ውኃን ምን ያናግረዋል? ድንጋይ» እንደሚባለው፣ የምንጩ ውኃ በደረጃ በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ እየተንፎለፎለ እንዲወርድ ቢደረግ በመንገዱ ኦክስጅን ይዞ ይገባል። የሞቱትን ቶሎ አውጥቶ ከኩሬው ርቆ መቅበር ያስፈልጋል።

አሞኒያ ከተራረፈ መኖና ከዓሣው እዳሪ ይመጣል። መርዛማነቱ በፒኤች ይወሰናል፦ 20 ዲግሪ ላይ ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 9 ሲደርስ ከሩብ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ፍግ በበዛበት ኩሬ ላይ ፒኤችን ከፍ የሚያደርገውን ኖራ መጨመር ዓሣውን ሊፈጅ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሲሶውን ውኃ መለወጥ ነው። ኖራ የሚነሰነሰው ኩሬው ከደረቀ በኋላ በወለሉ ላይ ነው፤ የእርሻ ኖራ ከሆነ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም። ያልበረደ የተቃጠለ ኖራ ዓሣ ያለበት ውኃ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

የውኃውን ልምላሜ ለመለካት ክንድ ይበቃል። ክንድን እስከ ክርን ሲያጠልቁ መዳፍ ደብዘዝ ብሎ ከታየ መልካም ነው። ገና አንጓ ሳይጠልቅ መዳፍ ከጠፋና ውኃው ከጨለመ አልጌው በዝቷል፤ ፍጉ ይቁም። ቀይ ከሆነ የክረምት ጎርፍ ገብቷልና ዙሪያውን መከለያ ቦይ ያስፈልጋል።

ለውጭ ጥገኛ ተሕዋስያንና ለሻጋታ የምግብ ጨው ይረዳል፦ በሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ ዓሣውን ለ10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ዓይን ሳይነቅሉ፤ ዓሣው ሚዛኑን ከሳተ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውኃ። ለላም የተገዛ አንቲባዮቲክ ኩሬ ውስጥ መበተን ግን ገንዘብ ማባከን፣ ባክቴሪያንም መድኃኒት ማስለመድ ነው።

እርዳታ የሚገኝበት

በባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ በሰበታም ተመሳሳይ አገራዊ ማዕከል ይገኛል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከሞተ ሰዓታት ያለፉት ዓሣ እዚያ ደርሶ የሚናገረው ነገር የለም። ለምርመራ የሚጠቅመው በሕይወት ያለ የታመመ ዓሣ ነው፤ ካልተቻለ አሁን የሞተ፣ በበረዶ የተያዘ። ከእርሱ ጋር በንጹሕ ጠርሙስ የተቀዳ የኩሬው ውኃ ይላክ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፦ ደብተር። የንጋቱ ሙቀት፣ የውኃው ቀለም፣ የተሰጠው መኖ፣ የሞተው ዓሣ ቁጥር በየቀኑ በአንድ መስመር ይጻፍ። ያን ደብተር የያዘ ሰው ቀረሶዎቹ አየር ባጠራቸው ንጋት ሰኞ ስንት ፍግ እንደጨመረ፣ ረቡዕ ሌሊቱ ምን ያህል እንደበረደ ያያል፤ መንስኤውንም ከገዛ እጁ ጽሑፍ ያገኘዋል።