ዶክተር፣ ልጄን ለምን ደጋግሞ ያመዋል?



ባለፈው ክረምት እዚህ ጉንደ ወይን አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን በተቅማጥ ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ መጣች። የሰገራ ምርመራው አሁንም ጃርዲያ ነው። መድኃኒቱን ሳታጓድል ሰጥታዋለች። «ታዲያ ምን አጠፋሁ ዶክተር?» አለችኝ።

ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን በሦስተኛው ጠየቅኳት። የሚጠጡት ከግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ሽንት ቤቱ ደግሞ ከሱ ከፍ ብሎ፣ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ። መድኃኒቱ ልጁን ያድነዋል፣ ውሃው መልሶ ያሳምመዋል። (ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዷ ነው።)

«የፍሳሽ መስመር ቢዘረጋልን» ትሉ ይሆናል። መስመር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ውሃ ይፈልጋል። አዲስ አበባ እንኳ ለአንዳንድ ኮንዶሚኒየሞች እዚያው ሰፈሩ ውስጥ አነስተኛ ማጣሪያ ተክላለች። ፍሳሽን ሩቅ ሳይወስዱ በወጣበት ቦታ ማከም ይቻላል።

አገራችን ውስጥም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ህብረት ድጋፍ «ሮሳ» የተባለ የምርምር ፕሮጀክት በአርባ ምንጭ፣ እንዲሁም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ከተሞች ተሠርቶ ነበር። ከሞከራቸው አንዱ ባለ ሁለት ጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። አንዱ ሲሞላ በአፈር ይከደንና ሌላው ይጀመራል፤ የተከደነው ቆይቶ ማዳበሪያ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! አርባ ምንጭ ሞቃት ነው። በእኛ ደጋ ቅዝቃዜው የወስፋት እንቁላልን ዕድሜ ያራዝመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ሳይነካ እንዲቆይ ይመክራል።

እናንተስ ምን ታድርጉ?

✅ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው በላይ ባለው ተዳፋት አይቆፈር።

✅ «ሴፕቲክ» የምንለው ብዙ ጊዜ ወለሉ ያልተደፈነ ጉድጓድ ነው። እውነተኛው ሴፕቲክ ታንክ ወለሉም ግድግዳውም ውሃ አያሳልፍም። ዝቃጩ ከታች ይቀራል፤ የሚወጣው ውሃ የጠራ ቢመስልም ጀርም ስላለው ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ እንጂ ወደ መንገድ ቦይ አይለቀቅ።

✅ ታንኩ በየ2 እስከ 5 ዓመቱ ይመጠጥ። ካልተመጠጠ ዝቃጩ አብሮ ይወጣል።

✅ ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ የሚጠጣውን ውሃ አፍሉት። ከፍታ ላይ ስለሆንን መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ጃርዲያ ክሎሪንን ስለሚቋቋም ማፍላቱ ይሻላል።

⚠️ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ነገ ሳትሉ ጤና ተቋም ውሰዱት። እስከዚያው መጠጣት ከቻለ ኦአርኤስ ስጡት፤ ጡትም አታቋርጡ።

ያቺ እናት አሁን ውሃ ታፈላለች። አዲሱን ሽንት ቤት ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተማክረው በግቢው ታችኛው ጫፍ ቆፍረዋል። ልጁን ለአራተኛ ጊዜ አላየሁትም፤ ለክትባት ሲመጣ ካልሆነ በቀር።

የእናንተ የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ዛሬውኑ ለኩና ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ለጎረቤታችሁም ሼር አድርጉ፤ የሱ ሽንት ቤት የእናንተ ውሃ ነውና።